የመስከረምን ገንዘብ በሚያዝያ ስንበላ

ይህን የምጽፈው ደመወዙ ሊበቃው ሲገባ ለማይበቃው ሰው ነው። ገቢው በእርግጥ የሚያንስ ሰው ችግሩ ሌላ ነው፤ ለእሱ «ቆጥብ» ብሎ መምከር ጭካኔ ይሆናል። እኔና ባለቤቴ ግን በሐዋሳ ከተማ ሁለት ደመወዝ እያስገባን፣ ሱስ ሳይኖረን፣ ሰው «አባካኝ» ሳይለን፣ ሁለት ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ እናቴ ለሰርጌ የሰጠችኝን የአንገት ሐብል እስከ መሸጥ ደርሰናል። ስህተታችን የት የት እንደነበረ ለማወቅ አንድ ዓመት ያህል ፈጅቶብናል፤ ሌላው ሰው ያን ያህል እንዳይፈጅበት በቅደም ተከተል ልናገር።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በምሠራበት የግል ድርጅት ዕድገት አግኝቼ ያልተጣራ ደመወዜ 28,000 ብር ሆነ። ባለቤቴ የመስክ መኪና አሽከርካሪ ነው፤ የእሱ 16,000 ብር ነበር። በዚያን ሳምንት በጭንቅላቴ ውስጥ የገባው ቁጥር 44,000 ነው፤ ሰው ሲጠይቀኝም፣ ቤት ስፈልግም፣ ዕቁብ ስገባም ያሰብኩት በዚሁ ቁጥር ነበር። ይህ የመጀመሪያው ስህተታችን ነው። በወቅቱ በነበረው የግብር ስሌት ከ10,900 ብር በላይ የሆነ ደመወዝ በ35 በመቶ ተባዝቶ 1,500 ብር ይቀነስለትና የቀረው ለግብር ይሄዳል፤ በዚያ ላይ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ አለ። ስለዚህ እጄ የሚገባው 17,740፣ የእሱ ደግሞ 10,780፣ በድምሩ 28,520 ብር ነበር። ከአርባ አራቱ ሺህ 15,480 ብር ጨርሶ ቤታችንን አያውቀውም። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ የለም፤ የደመወዝ ወረቀቱ ላይ በየወሩ ይጻፋል። ነገር ግን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ሲያቅዱ ከየትኛው ቁጥር እንደሚነሡ ደግሞ ሌላ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ፣ ያልተጣራውን ደመወዛችሁን ከአፋችሁም ከሐሳባችሁም አውጡት እላለሁ።

ከዚያ ከአቶቴ አካባቢ ወደ ፒያሳ ጠጋ ያለ ቤት በ7,000 ብር ተከራየን። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ባቋቋሙት የአሥራ ሁለት ሰው ዕቁብ በወር 3,000 ብር ለመጣል ገባሁ፤ ዕጣው በሦስተኛው ወር ወጣልኝና በ36,000 ብሩ ሶፋና ቴሌቪዥን ገዛንበት። ያን ቀን «ዕቁብ ደረሰኝ» ብዬ ቡና አፍልቼ ጎረቤት ጠራሁ። አሁን ሳስበው፣ የደረሰኝ ብድር ነበር። ዕቁብ መጀመሪያ ላይ የደረሰው ሰው ወለድ የሌለው ብድር ወስዷል፤ መጨረሻ ላይ የደረሰው ደግሞ ቆጥቧል። ሁለቱን በአንድ ስም ስለምንጠራቸው አንዱን ከሌላው አንለይም። እኔም ቀሪዎቹን ዘጠኝ ወራት «እየቆጠብኩ ነው» እያልኩ የሶፋ ዕዳ ስከፍል ቆየሁ።

ሌላው የባለቤቴ አበል ነው። መስክ በሚበዛበት ወር ከ5,000 ብር በላይ ይዞ ይመጣል፤ በማይወጣበት ወር ምንም የለም። እኛ ግን ኑሯችንን ያስተካከልነው በደህናው ወር ልክ ነበር። እሑድ እሑድ ልጆቹን ይዘን አሞራ ገደል እንወርዳለን፤ ጥብስ ዓሣና የዓሣ ሾርባ አዘን ሐይቁን እያየን እንውላለን፤ ስንመለስ ልጆቹ ደክመዋል ተብሎ ባጃጅ በኮንትራት እንይዛለን። ይህ ኃጢአት አይደለም፤ ከልጆቼ ጋር ካሳለፍኳቸው ቀኖች ሁሉ እነዚያን እሑዶች እወዳቸዋለሁ። ችግሩ አበል በሌለበት ወርም ያው እሑድ፣ ያው ዓሣ፣ ያው ኮንትራት መሆኑ ነበር።

እዚህ ላይ ለመናገር የሚከብደኝን ልጨምር። ለታናሽ ወንድሜ በየወሩ 1,500 ብር እልክለት ነበር፤ ለባለቤቴ አልነገርኩትም። እሱም ለእህቱ እንደሚልክ የነገረኝ በኋላ ነው። ሁለታችንም ክፋት አልነበረብንም፤ ሁለታችንም ቤተሰብ ረዳን። ነገር ግን በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች የማይነጋገሩበት ወጪ ካለ፣ የትኛውም ዕቅድ ከወረቀቱ አይወርድም።

የ2016 ዓ.ም. ነሐሴ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን የብር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በነበሩት ሳምንታት የሰፈራችን ሱቅ የዘይት ዋጋ ስጠይቅ፣ ባለሱቁ በየሦስት ቀኑ የተለየ ቁጥር ይነግረኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ትልቋ ልጄ ከትምህርት ቤት የታጠፈ ወረቀት ይዛ መጣች፦ የሁለቱም ልጆች ምዝገባ፣ የደንብ ልብስ፣ መጽሐፍና የመጀመሪያ ክፍያ 19,000 ብር፣ ከነሐሴ መጨረሻ በፊት። ስልኬን አውጥቼ ሂሳቤን ሳይ 2,340 ብር አለኝ። ባለቤቴ ክረምት ስለሆነ መስክ ከወጣ ከወር በላይ ሆኖታል።

ያን ሳምንት ያደረግሁትን እናንተ አታድርጉት። በስልክ የሚሰጥ የአጭር ጊዜ ብድር 5,000 ብር ወሰድኩ፤ የአገልግሎት ክፍያው ቀድሞ ተቆርጦ የቀረው ገባልኝ። በወሩ መመለስ ሲያቅተኝ ከሥራ ባልደረባዬ ተበድሬ ከፈልኩ፤ የባልደረባዬን ለመመለስ ደግሞ እንደገና ከስልኩ ወሰድኩ። የመጀመሪያው የስልክ ብድር ለትምህርት ቤቱ ስላልሞላ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሐብሉን ይዤ ወደ ወርቅ ቤት ሄድኩ። ወርቅ ቤቱ ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጠው ዓይኔን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

በዚያ ምሽት መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባለካሬ ደብተር ይዘን ሻማ አብርተን ተቀመጥን፤ ባንክ በስልኬ የላከልኝን መልእክት ከሰኔ መጀመሪያ ጀምሮ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ፤ ባለቤቴ ይጽፋል። «ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ምንድን ነው?» «አላስታውስም።» «አንድ መቶ ሰማንያ?» «ባጃጅ መሰለኝ።» በሰኔ ወር ብቻ ከ500 ብር በታች የሆኑ 41 ወጪዎች አገኘን፤ ከእነሱም ግማሽ ያህሉን ለምን እንዳወጣነው ሁለታችንም መናገር አቃተን። የወንድሜ ስም ሲነበብ ባለቤቴ ብዕሩን አስቀመጠና ዝም አለ፤ ከዚያ የእህቱን ነገረኝ። ጠብ ይነሣል ብዬ ስፈራ፣ ሁለታችንም እፎይ አልን። ምንም ገንዘብ ያልተገኘበት ምሽት ቢሆንም፣ ለእኛ ነገሩ የተለወጠው ከዚያ ምሽት ጀምሮ ነው። የባንክ መልእክታችሁን አታጥፉት፤ አስቀምጡት፤ የሦስት ወሩን ከትዳር አጋራችሁ ጋር ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ለብቻ ሲያነቡት ሰው ለራሱ ምክንያት ይሰጣል።

ዋናውን ስህተት ግን ያሳዩን የባለቤቴ አባት ናቸው። ለመስቀል የመጓጓዣ ተበድረን በሻሸመኔና በሀላባ በኩል ወደ ወላይታ ወረድን። ግቢያቸው ስንደርስ ጎረቤቶች ተሰብስበው ሰንጋው እየተበለተ ነበር፤ ሥጋው በኮባ ቅጠል ላይ በእኩል እየተደለደለ፣ ሽማግሌዎቹ ከዳር ሆነው መደቡን ይቆጣጠራሉ። አባባ ደመወዝ የላቸውም፤ ቡናና እንሰት ነው ያላቸው። እኔ በልቤ «ይህን ሰንጋ በዚህ ዋጋ ከየት አመጡት?» እያልኩ ነበር፤ በመጨረሻ ጠየቅኳቸው። አባባም ባለፈው መስቀል ሥጋው ካለቀ ማግሥት ጀምሮ እነዚያው ጎረቤታሞች በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ሲያዋጡ መክረማቸውን፣ ሴቶቹም ለቅቤው ለብቻቸው እንደሚያጠራቅሙ ነገሩኝ። ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞር ብለው «መስቀል እኮ ድንገት የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ ቀኑ ይታወቃል» አሉት። ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። እኔም ያቺ የታጠፈች የትምህርት ቤት ወረቀት ታወሰችኝ። ትምህርት ቤት በነሐሴ እንደሚያስከፍል እያወቅን እንደ ድንገተኛ አደጋ ተቀበልነው።

ወደ ሐዋሳ ተመልሰን ያንኑ ደብተር አውጥተን አሥራ ሦስቱንም ወር ጻፍን። አሥራ ሦስተኛዋ ወር ደመወዝ የላትም፤ ምግብና መጓጓዣ ግን አላት፤ በእኛ ቤት አምስቷ ቀን ወደ 1,600 ብር ትበላለች። ከዚያ በየወሩ የማይመጡትን፣ በዓመት ግን የማይቀሩትን ወጪዎች በየወራቸው አስቀመጥናቸው። ትምህርት ቤት 19,000፣ እንቁጣጣሽ ከጳጉሜን ጋር 6,000፣ መስቀልና ጉዞው 12,000፣ ገና 7,000፣ ፋሲካ 9,000፣ ሰርግና ለቅሶ 10,000፣ ሕክምና 8,000፣ ልብስና የቤት ዕቃ ጥገና 13,000 ሆነ። ድምሩ 84,000 ብር፣ ለአሥራ ሁለት ደመወዝ ሲካፈል በወር 7,000 ብር።

ወርኃዊ ወጪያችንን ደግሞ ለየብቻ ደመርነው፤ የቤት ኪራይ 7,000፣ ምግብ 8,500፣ የልጆቹ ወርኃዊ ክፍያ 2,400፣ መጓጓዣ 1,300፣ መብራት፣ ውኃ፣ ስልክና ዕድር 1,300፣ በድምሩ 20,500 ብር። ከ28,520 ሲቀነስ 8,020 ብር ይተርፋል። ለዓመት ያህል «ይተርፈናል» እያልን ዕቁብ የጣልንበት፣ ለዘመድ የላክነው፣ እሑድ ዓሣ የበላንበት ገንዘብ ይህ ነበር። ከእሱ ላይ 7,000ው ግን ትርፍ አልነበረም፤ ባለቤት ያለው ገንዘብ ነበር፤ ባለቤቱ ነሐሴና መስከረም ናቸው። በሚያዝያ ኪሳችን ውስጥ ሲገኝ የእኛ መሰለን እንጂ። በእርግጥ የሚተርፈን በወር 1,020 ብር ብቻ ነበር።

ያን ቁጥር ሳይ አለቀስኩ፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ቁጥር ነበር የያዝኩት። እናንተም «ስንት ይተርፈኛል?» ብላችሁ ስትጠይቁ በወሩ መጨረሻ ሂሳባችሁ ላይ የቀረውን አትመልከቱ። የዓመቱን ወጪ ለአሥራ ሁለት አካፍላችሁ ካነሣችሁ በኋላ የሚቀረው ነው የእናንተ። እሱ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ፣ ዕዳ ገና አልታያችሁም እንጂ ዕዳ ውስጥ ናችሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ብዙ አይደለም። ደመወዛችን ከሚገባበት ባንክ ውጭ በሌላ ባንክ አንድ ሂሳብ ከፈትን፤ ካርድ አልወሰድንም፣ በስልክም እንዲንቀሳቀስ አላደረግንም፤ ለማውጣት በአካል ሄዶ መሰለፍ ያስፈልጋል። ደመወዝ በገባበት ቀን፣ ኪራይ እንኳ ሳይከፈል፣ 7,000 ብር ወደዚያ ይሄዳል። ወር መጨረሻ ላይ የተረፈውን እናስቀምጣለን ያሉ ሰዎች ሲያስቀምጡ አላየሁም፤ እኛም ሞክረን አልሆነልንም። ከቤት ኪራዩ ላይ 1,500 ብር ለመቀነስ ወደ አቶቴ ተመለስን። ከተማችን ሜዳ በመሆኗ ባለቤቴ ያገለገለ ብስክሌት ገዝቶ ወደ ሥራ በእሱ መሄድ ጀመረ፤ ኮንትራት ባጃጅ ለታመመ ሰውና ለሌሊት ብቻ ሆነ። ዓሣው አልቀረም፤ በወር አንድ እሑድ አደረግነው፤ ልጆቹ ከበፊቱ ይልቅ በጉጉት ይጠብቁታል። ለወንድሜና ለእህቱ የምንልከው ቀንሶ፣ ግን በግልጽ፣ በደብተሩ ላይ የራሱ መስመር ተሰጠው። አበል ደግሞ ከደመወዝ ጋር እንዳይቀላቀል ተስማማን፤ መጀመሪያ ዕዳ ከፈልንበት፣ ከዚያ ለክፉ ቀን ማስቀመጫ ሆነ።

ዕቁብ አልተውኩም። አዲስ ስንመሠርት ዕጣዬ በነሐሴ እንዲሆን አባላቱን ለምኜ፣ ቀድሞ የደረሰኝን ለቸገረው ሰው ለወጥኩት። ብዙ ዕቁብ ውስጥ ይህ ይቻላል፤ ጠይቁ። የዕቁቡን ዳኛና ዋሶቹን ሳታውቁ ግን አትግቡ።

ጎረቤታችን እማማ የክረምቱን ጤፍ በጥር እንደምትገዛ ስትነግረኝ መጀመሪያ ለሀብታም የሚሆን ነገር መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳሰላው ገባኝ። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል፤ የእኔም ሂሳብ የሚከፍለኝ ያንኑ ነው። ጤፍ ግን ምርቱ ከገባበት ከጥር እስከ ክረምቱ ድረስ ባለው ጊዜ ከዚያ በላይ ሲጨምር በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ በጥር 2017 ዓ.ም. ከዓመቱ ሂሳብ ላይ አንድ ኩንታል ገዛን፤ ከወለሉ ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገን አስቀመጥነው፤ ለምግብ ከመደብነው ላይ በየወሩ እየቀነስን ወደ ሂሳቡ መለስን። ከምንም ነገር በላይ በክረምት እንቅልፍ የሰጠኝ ያ ኩንታል ነው።

ሁሉም ቀና አልሄደም። ለፋሲካ 2017 በግ ለመግዛት ገበያ የወጣው ባለቤቴ ከያዘው በላይ ዋጋ ተጠርቶበት፣ ባዶ እጁን ላለመመለስ ከትምህርት ቤቱ ድርሻ 4,000 ብር ወጣ። ለሁለት ሳምንት ተኮራረፍን። ከዚያ ደንብ አወጣን፤ የአንዱን መስመር ገንዘብ ለሌላው የምናውለው ሁለታችን ቁጭ ብለን፣ የሚመለስበትን ወር ጽፈን ብቻ ነው። 4,000ውን በሁለት ወር አበል መለስነው። ለሚቀጥለው ፋሲካ በጉን ከሁዳዴ መያዣ በፊት ለመግዛት አስበናል።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የደመወዝ ግብር ሠንጠረዡ ሲሻሻል ነፃ የሆነው መነሻ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ የእኔም የእሱም ግብር በወር 550 ብር ቀነሰ። 1,100 ብር በአንድ ጊዜ የተጨመረልን ያህል ነበር። በ2015 ዕድገት ሳገኝ ያደረግሁትን ስላስታወስኩ፣ ጭማሪው የገባበትን የመጀመሪያ ቀን ሳያልፍ ወደ ክፉ ቀን ማስቀመጫው እንዲሄድ አደረግን። ጭማሪ ገና ያልለመዳችሁት ገንዘብ ነው፤ አንድ ወር ከበላችሁት በኋላ መመለስ ቅነሳ ይሆንባችኋል።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ወረቀቱ እንደገና መጣ፤ በዚህኛው ጊዜ 23,500 ብር። ያጠራቀምነው 19,000 ስለነበር 4,500 ብር ከክፉ ቀን ማስቀመጫው ጨመርን። ይህም የእኛ ጉድለት ነው፤ ዋጋ እየጨመረ ባምናው ቁጥር ማቀድ የለብንም ነበር። አሁን በየዓመቱ በሰኔ ደብተሩን አውጥተን እያንዳንዱን መስመር እንደ አዲስ እናሰላለን። ቢሆንም በምዝገባው የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ከባንክ ተሰልፌ ያወጣሁትን ገንዘብ ይዤ ሄድኩ፤ ገንዘብ ያዧ ቆጥራ ደረሰኝ ስትጽፍልኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን ከዓመቱ ሂሳብ ውጭ በወር ከ3,000 እስከ 4,000 ብር በእርግጥ ይተርፈናል። ለክፉ ቀን የሦስት ወር ወጪ፣ 61,500 ብር፣ ለማድረስ ነው የምናስበው፤ 38,000 ደርሷል። በዘንድሮው ደብተር መጨረሻ ላይ ባለቤቴ ሳይነግረኝ አንድ መስመር ጨምሮ አገኘሁ፤ «ሐብል» ይላል፤ ከጎኑ 1,000 ተጽፏል። የወርቅ ዋጋ ከሸጥኩበት ቀን ወዲህ በጣም ጨምሯል፤ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስልቼ ነበር፤ ለእሱ ግን አልነገርኩትም።